ንብ ከገባች በኋላ

ሽቶ ተቀብቼ ወደ ቤት በመጣሁ ቁጥር አባቴ ከአጥሩ በር ላይ ያቆመኝ ነበር። እናቴ በጣሳ ውሃ ይዛ ትመጣለች፤ አንገቴንና እጄን ታጥበኛለች፤ ከዚያ ነው የምገባው። ንብ ሽቶ አትወድም። ሽንኩርት የበላ፣ ጠጅ ቤት የዋለ፣ ላቡን ያልታጠበ ሰውም አትወድም። አባቴ እንደሚለው ግን ከሁሉ በላይ የማትወደው የተጣላ ሰው ነው። ጠብ ያለበት ቤት አትቀመጥም፤ ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች። ሰባት ቀፎ ታዛችን ሥር ተደርድሮ ስለነበር፣ ልጅ ሆነን ከወንድሞቼ ጋር የምንደባደበው ከአጥር ውጭ ወጥተን ነው። ጨርሰን፣ ደም ካለም አብሰን፣ እየተሳሳቅን እንገባለን። ለንቦቹ ሲባል ብዙ ጠብ ሳይወድ በግዱ አልቋል።

ቤታችን ከቢቸና ወጣ ብሎ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እኔ የምሠራው ሞጣ ነው፤ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ሥራው ገበሬ ሰብስቦ ስለ አረምና ስለ ተባይ ማስተማር፣ ማሳ ለማሳ መዞር፣ ከዚያ ሪፖርት መጻፍ ነው። ሪፖርቱ ላይ ስንት ሄክታር እንደተረጨ የሚሞላበት ሳጥን አለ። ስንት አበባ እንደጠፋ የሚሞላበት ሳጥን የለም። ይኼን ቢሮ ውስጥ እንደ ቀልድ አንድ ጊዜ ተናግሬው ማንም አልሳቀልኝም፤ እኔም ራሴ ቀልድ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም።

አባቴ ንቦቹን የወረሰው ከአያቴ ነው። እነዚያው ነፍሳት አይደሉም እርግጥ፤ ሠራተኛ ንብ ሥራ በሚበዛበት ወራት ከስድስት ሳምንት ብዙም አትዘልቅም። ዘሩ ግን ከአውራ ወደ አውራ እየተላለፈ ያው ነው። ቀፎውን ከሸንበቆና ከሐረግ ራሱ ይሠራል፤ በእበትና በአመድ ይለቀልቃል፤ በወይራ ያጥናል። የማሩን ነገር ለእናቴ ይተዋል። እሱ የሚሳሳው ለሰሙ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ የደብራችን ንግሥ ሲደርስ፣ ለቅዳሴው ጧፍ የሚሆን ሰም አንጥሮ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ለቄሰ ገበዙ ያስረክባል። አያቴም ያደርግ ነበር። አባቴ አንድም ዓመት አላጎደለም፤ በታመመበት ዓመት እንኳ እናቴን አስይዞ ልኳል። ጧፉ ሲበራ ዓይኑን ከእሳቱ ላይ አይነቅልም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ እሳቱን ሲያይ ዛሬም ቅዳሴው አመለጠው እያለች ታሾፍበታለች።

እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን በሙሉ የንቦቹን ቀለብ ስትነቅል የኖረች ሴት ናት። ጤፍ ሲዘራ አብሮት መች የሚባል አረም ይበቅላል። መች የኑግ የዱር ዘመድ ነው፤ መስከረም ላይ ከአደይ ጋር አገሩን ቢጫ የሚያደርገው እሱ ነው። ለንብ ከእሱ የበለጠ የለም፤ የኅዳር ማር ማለት የመች ማር ማለት ነው። ለጤፍ ግን ጠላት ነው። ነሐሴን ሙሉ፣ ዝናቡ ከላይ እየወረደ፣ ጭቃው ከታች እየያዘ፣ ሴቶች ተደርድረውና ተንበርክከው ይነቅሉታል። እኔም ነቅያለሁ። ትምህርት ወድጄ ሳይሆን እሱን ጠልቼ ነው የተማርኩት ብል አልዋሸሁም። ከእናቴ ጋር ያርሙ የነበሩት አንዳንዶቹ አረጁ፤ ሴት ልጆቻቸው ወደ ከተማና ወደ ቀን ሥራ ሄዱ፤ በመጨረሻ እናቴ ብቻዋን ቀረች። አንድ ነሐሴ ከሞጣ ስመጣ ጤፉ መሃል ተቀምጣ አገኘኋት። እያረመች አልነበረም። ጉልበቷ አብጦ መነሣት አቅቷት ነው።

እንግዲህ የተማርኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ነው አልኩ። አረም ማጥፊያ አመጣሁላትና ራሴ ረጨሁት። አገሩ ሁሉ የሚጠራው መድኃኒት እያለ ነው። ይህ መድኃኒት አረሙን የሚገድለው አድርቆ አይደለም፤ ከልክ በላይ እንዲያድግ አዝዞ ነው። ቅጠለ ሰፊው ተክል ትእዛዙን ሰምቶ ያድጋል፣ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ አቅሙን ጨርሶ ይሞታል። ጤፍ የሣር ወገን ስለሆነ አይሰማም። ሥልጠና ላይ ይኼን ስናገር ገበሬዎቹ አፋቸውን ይዘው ይገረማሉ፤ እኔም ደስ ይለኛል። በአሥረኛው ቀን ግድም መቹ ተጠማዝዞ ወደቀ። እናቴ ማሳው ዳር ቆማ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ጉልበቴን መለስሽልኝ ብላ መረቀችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ረጨ። ሐሰት አልናገርም፤ ምርቱም ጨመረ፣ የሴቱም ወገብ ቀና አለ። ከሞጣ ተሳፍሬ በጉንደ ወይን በኩል ስመጣ በመስኮት የማየው ግን እየተለወጠ ሄደ። ድሮ በመስከረም የመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ነበር። ቢጫው መጀመሪያ ከማሳው ወጣ፤ ቀጥሎ ከማሳ ድንበሩ ወጣ፤ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥና በመንገዱ ቦይ ዳር ብቻ ቀረ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ፣ የልጅ ልጆቻቸው ለእንቁጣጣሽ አበባ ፍለጋ ገደል አፋፍ ድረስ እንደሚሄዱ እየተገረሙ አጫወቱኝ። ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እስቲ ይገርማል ብዬ አለፍኩት።

አባቴ ማሩ መቀነሱን አስተዋለ። ቀፎውን በእጁ ከፍ አድርጎ ይመዝነዋል፣ ይመልሰዋል። ከሰባቱ ሁለቱ ተዳክመው ባዶ ቀሩ። ለተረፉት በሶና ሽሮ በማር ለውሶ በድስት ክዳን ያቀርብላቸው ጀመር። እንደ ሕመምተኛ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያስበላቸዋል። በዚያ ሰሞን አንድ ጊዜ፣ ይኼ የምትረጩት ነገር ንቡን አይነካም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በሰዓቱ ከተረጨ አይነካም አልኩት። ልጁ የተማረች ናት፤ አምኖ ተወው።

አምና በኅዳር ጓያችን ላይ ክሽክሽ ወጣበት። ክሽክሽ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ተባይ ናት፤ ግንዱ ላይ ተለጥፋ ጭማቂውን ትመጠዋለች፣ ተክሉ ይጠወልጋል። እናቴ የዓመት ሽሯችን ሊያልቅ ነው ብላ ደወለችልኝና ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ለተባይ የሚረጨው ለአረም ከሚረጨው ሌላ ነው፤ የነፍሳትን ነርቭ ነው የሚይዘው፣ ክሽክሽና ንብ አይለይም። ሥልጠና ላይ ሰሌዳው ላይ ፀሐይና ንብ እሥልና ሁለት ነገር አስደግማለሁ፤ ያበበ ሰብል አይረጭም፤ የግድ ከሆነም ንብ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ። ገበሬዎቹ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይሉታል።

በዚያ ዓመት ግን አገሩ ሰላም ስላልነበረ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰው በሩን ይዘጋ ነበር። አመሻሽ ላይ ጀርባው ላይ ዕቃ አዝሎ ማሳ ውስጥ የሚንጎራደድ ሰው ከሩቅ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። መርጫውም ለጎጡ አንድ ነው፤ በተራ ነው የሚዞረው፤ እኛ ጋ የደረሰው ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ነው። ወደ ሞጣ የምትመለሰው መኪና ከቢቸና የምትነሣው ስምንት ሰዓት ነው፤ ካመለጠችኝ ሌላ መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም፤ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ የከረመበት ጊዜ ነበር። አባቴ ማኅበር ሄዷል። እናቴ በጉልበቷ ምክንያት አትረዳኝም። መርጫውን አዝዬ ማሳው ውስጥ ገባሁ።

ሰማኋቸው። ይኼን ልደብቅ አልፈልግም። ጓያው ሰማያዊ አበባውን ከፍቶ ነበር፤ ንቦቹም ላዩ ላይ ነበሩ። መች በሌለበት አገር ወዴት ይሂዱ? ወደዚያ የገፋኋቸው እኔው ነኝ። የአባቴ ንቦች እንደሆኑም አውቃለሁ፤ በዚያ አካባቢ ሌላ ንብ ያለው ሰው አልቀረም። አንድ ቀን ምን ያመጣል አልኩ። ሌላ ገበሬ እንዲህ ሲያደርግ ባገኝ ሰው ፊት ነበር የማሳፍረው። ከላይ እስከ ታች ረጭቼ ጨረስኩ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ፣ ሽታው ንቦቹን እንዳያስቆጣ፣ እናቴ በጣሳ ውሃ አምጥታልኝ እንደ ልማዳችን ታጥቤ ገባሁ። መኪናዋም አላመለጠችኝም።

ሰኞ ቢሮ ሳለሁ በእናቴ ስልክ ተደወለልኝ፤ የሚናገረው አባቴ ነበር። ንቦቹ ተጣሉ አለኝ። ከውጭ የሚመለሱት እየተንቀጠቀጡ ይመጣሉ፤ በር ላይ ያሉት እንደ ባዕድ አያስገቧቸውም፣ ተያይዘው ይወድቃሉ፤ ከየቀፎው ሥር የሞተው ተከምሯል። በዕድሜው ንብ ከገዛ ወገኗ ጋር እንዲህ ስትተናነቅ አይቶ አያውቅም። ድምፁ የሰው ሞት እንደሚያረዳ ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። የተመረዘች ንብ ጠረኗም አኳኋኗም ስለሚለወጥ በረኞቹ አያውቋትም፤ ይነክሷታል፣ ይገፏታል። ስልኩን ለእናቴ እንዲሰጣት ነገርኩትና፣ ከሞቱት አንዷን አንሥታ ምላሷ ወጥቶ እንደሆነ እንድታይልኝ ለመንኳት። ቆይታ መጣች። ወጥቷል፤ የሁሉም ወጥቷል አለችኝ። በመርዝ የሞተች ንብ ምላሷ ወጥቶ ነው የምትቀረው። ምን በሽታ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። በማግሥቱ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ እስከ ገና አልተመለሰም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ለገና ቤት ስደርስ አምስቱም ቀፎ ዝም ብሏል። አባቴ ግን ዝም አላለም። ነገሩን አውጥቶ አውርዶ ምክንያቱን አግኝቶታል። ከታናሽ ወንድሙ፣ ከአጎቴ ጋር፣ ዘጠኝ ዓመት አይነጋገሩም ነበር። ጠባቸው የአንዲት ትልም ጠብ ነው፤ አጎቴ ሲያርስ ድንበሩን ገፍቷል፣ አባቴ ይዞበታል፣ ከዚያ ወዲህ ቀብር ላይ እንኳ በየፊናቸው ነው የሚቀመጡት። ንቦቹ ይህን ሁሉ ዓመት ታገሡት፣ አለ አባቴ፤ በመጨረሻ ግን የቤቱ ጠብ ወደ ቀፎው ገባ፤ በር ላይ የተያያዙት እኛን እያሳዩን ነው። የንስሐ አባቱን አማክሯል። እሳቸውም የንቡን አላውቅም፣ መታረቅ ግን ሁልጊዜ መልካም ነው ብለውታል። ለእሑድ ሽማግሌ ተቀጥሯል።

በእኛ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ይሸከማል። የሚሸከመው በዳዩ ነው። ድንበር የገፋው አጎቴ እንደሆነ ሽማግሌዎቹም፣ መንደሩም፣ አጎቴም ያውቃሉ። አባቴ ግን እኔ ነኝ የምሸከመው አለ። ንቡ የሄደው ከእሱ ቤት አይደለም፣ ከእኔ ቤት ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ያ ሽማግሌ፣ ታላቅየው፣ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ታናሹ ሄደ። አጎቴ መጀመሪያ እንደ ደንቡ ፊቱን አዞረ። ከዚያ አልቻለም።

"አውርደው ወንድሜ፣ አውርደው። ድንበሩን የገፋሁት እኔ ነኝ።"

ድንጋዩን ከአባቴ አንገት ላይ ራሱ ተቀብሎ ጣለውና እግሩ ላይ ወደቀ። ተቃቅፈው አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜአለሁ። አፈርኩ፤ ከማፈር አልፌም ተናደድኩ፤ የገዛ አባቴ ላይ ተናደድኩ፣ የእኔን ሸክም ማን ተሸከምልኝ አለው ብዬ። አፌን ብከፍት ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ የመጣ ዕርቅ እዚያው ፊቴ ላይ ይፈርሳል። እልል አልኩ።

ጥር ላይ አባቴ ከሞቱት ቀፎዎች ሰፈፉን ሁሉ አውጥቶ አነጠረ። ቀፎው ሁሉ አንድ ላይ ስለተራገፈ፣ እንደዚያ ዓመት ብዙ ሰም አስረክቦ አያውቅም። ቄሰ ገበዙም አመሰገኑት። ጧፉ ሲበራ አባቴ እንደ ወትሮው እሳቱን ያይ ነበር። እኔ ደግሞ መርዝ በሰም ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንደሚቆይ አስብ ነበር፤ ሙያዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አይተወኝም። በዚያ ዓመት ሰሙ ተርፎ ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ግን ንብ ካልመጣ የሚሰጠው የለውም። ይኼን እሱም ያውቃል፤ ግን አላሳሰበውም። ቤቱ ታርቋል፤ ስለዚህ ይመጣሉ።

ክረምቱን ሙሉ ከአጎቴ ጋር ሆነው ቀፎ ሠሩ። አጎቴ ሐረጉን ከወንዝ ዳር ያመጣል፤ አባቴ ይጎነጉናል፤ ሁለቱም የዘጠኝ ዓመት ወሬ ያወራሉ። እናቴ፣ እኔማ እስከ ዛሬ ዲዳ አግብቼ የኖርኩ መስሎኝ ነበር አለችኝ። መስከረም ላይ ሁለት ቀፎ በወይራ አጥነው፣ ውስጡን በአሮጌ ሰም አሽተው፣ አንዱን ታዛው ሥር፣ አንዱን ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ላይ ሰቀሉ። በመስከረምና በጥቅምት ነው ንብ እየተከፈለ ቤት ፍለጋ የሚሄደው። መስከረም አለቀ። የመጣ የለም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ አባቴ ደወለልኝ። መጡ አለ። ከቆላው በኩል እንደ ጥቁር ጭስ ሆነው መጥተው ዋንዛው ላይ ዐረፉ፤ እሱና አጎቴ እያጨበጨቡ፣ አፈር እየበተኑ፣ እንደ ድሮው እየለመኑ አውራዋን አስገቧት፤ ሌሎቹም ተከትለው ገቡ። ስልኩ ውስጥ ይስቅ ነበር። ቅዳሜ ሽቶም ሳልቀባ፣ ሳሙናም በቅጡ ሳልነካ መጣሁ። እውነት ነው፤ ቀፎው ይጮኻል። ጆሮዬን አስጠግቼ ቆምኩ። እኔም ለአንድ ቀን የአባቴን አመንኩ፤ ምናልባት የማውቀው ሁሉ ስሕተት ነው አልኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን በር ላይ ቁጭ ብዬ የሚገቡትን አየሁ። እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት የለም። አንዷ ይዛ ስትገባ አሥሩ ባዶ እግራቸውን ይገባሉ። እናቴ እንኳ አስተዋለች። አባቴ በሶውን በጠበጠ።

ሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሁሉም ወጡ። ዋንዛው ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ ከዚያ ወደመጡበት ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ሄዱ። አጎቴ አፈር እየበተነ እስከ ወንዙ ድረስ ሮጠ። አባቴ አልሮጠም። ቀፎውን አወረደው፤ ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰው። የሠሩት ሰፈፍ የእጅ መዳፍ አይሞላም፤ ማር የለበትም።

በዚያን ቀን ሞጣ አልተመለስኩም። አባቴ ታዛው ሥር ካለው መደብ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ እናቴን ጠራት፤ በእኔ ላይ የያዝሽው ነገር ካለ ተናገሪ አላት። እሷም ያው በየዓመቱ ጉልበቴን አመመኝ ስል አትሰማኝም፣ ሌላ የለኝም አለችው። አጎቴ ሲመለስ እሱንም ጠየቀው፤ አጎቴ በመስቀል ማለለት። ያቺን ትልምም ከጠቡ በፊት የነበረችበት ድረስ መልሷታል። አጎቴ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺስ ልጄ? በሆድሽ ያለ ነገር አለ?"

"አለ" አልኩት። "ጓያውን የረጨሁት በቀን ነው፤ ንቦቹ አበባው ላይ እያሉ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ሰዓቱን፣ መኪናዋን፣ በር ላይ የተያያዙት ለምን እንደሆነ፣ ምላሳቸውን፣ የእናቴን ስልክ። ስለ መች ነገርኩት፤ መጀመሪያ ቀለባቸውን እንደወሰድን፣ ረሃብ ጓያው ላይ እንደጣላቸው። ስብከት እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣ ደግ ነበር። የዛሬዎቹስ ለምን ሄዱ ብሎ ጠየቀኝ። ርቧቸው ነው አልኩት፤ ሊበሩ በሚችሉበት ርቀት ውስጥ የሚበቃ አበባ የለም። አበባው ይመለሳል ወይ አለኝ። ዘሩ አፈር ውስጥ ጥቂት ዓመት ይቆያል፤ ሰው ሁሉ መርጨቱን ቢተው ይመለሳል አልኩት። ሰው ሁሉ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔኑ አሳፈረኝ። አባቴ ወደ እናቴ አየ። እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ ያበጠ ጉልበቷን በቅቤ ታሽ ነበር።

"ኃጢአት ቢሆን ይሻል ነበር" አለ በመጨረሻ። "ኃጢአት ንስሐ አለው።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለአጎቴ እንዳልነግረው አስማለኝ። ወንድሙ፣ ድንጋዩን የተሸከመው በከንቱ ነው ብሎ እንዳያስብ ነው የፈራው። ማልኩለት። እስካሁን አጎቴ የሚያውቀው፣ ንቡ የሄደው በጠብ ምክንያት እንደሆነና ተመልሶ ያልመጣው ደግሞ እግዚአብሔር በሚያውቀው ምክንያት እንደሆነ ነው። በየቀኑ እየመጣ ከአባቴ ጋር መደቡ ላይ ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ የተረፈን ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ እሱም በውሸት የቆመ ነው። ያወረደውን ቀፎ አባቴ መልሶ አልሰቀለውም፤ የቀረውንም አላጠነውም። ለጥር ንግሥ ጧፍ ከቢቸና ገበያ ገዝቼ እንዳመጣ እናቴ ነግራኛለች፤ እሱ ራሱ አላዘዘኝም።

ኅዳር ሲገባ እናቴ ደወለች። ጓያው ላይ ዘንድሮም ክሽክሽ ወጥቶበታል፤ የዓመት ሽሯችን ነው፤ ምን ታደርጊኛለሽ አለችኝ። ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ሽቶ ተቀብቼ እንደነበር ትዝ ያለኝ ግቢው መሃል ከደረስኩ በኋላ ነው። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ደኅና መጣሽ አለኝ እንጂ ከበሩ ላይ አላቆመኝም።

የመርጫው ተራ የደረሰን ቀትር ላይ ነው። ውሃውን አጎቴ በጀሪካን ተሸክሞ አቀበለኝ። ጓያው ሰማያዊ አብቦ ነበር፤ ገብቼ ቆሜ አዳመጥኩ። ምንም አይሰማም። መርጫውን አዝዬ ከላይ እስከ ታች ረጨሁት። ሰዓት መምረጥ አያስፈልግም ነበር።